በፍራንክፈርት የ11 ሰዓት ቆይታ፦ እናቴ፣ ልጄና አንድ የላውንጅ ካርድ

የአውሮራዋ፦

ሰላም ለመድረኩ አባላት በሙሉ። በሚቀጥለው ወር እናቴንና የ9 ዓመት ልጄን ይዤ ከዴንቨር በፍራንክፈርት በኩል ወደ አዲስ አበባ እጓዛለሁ። ትኬታችን በአንድ ላይ የተቆረጠ ሲሆን እስከ ፍራንክፈርት የኢትዮጵያ አየር መንገድም ባለበት በስታር አሊያንስ የአየር መንገዶች ጥምረት አባል በሆነ አንድ አየር መንገድ፣ ከዚያ ወዲያ በኢትዮጵያ አየር መንገድ እንሄዳለን። ፍራንክፈርት የምንደርሰው ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ነው፤ የአዲስ አበባው አውሮፕላን የሚነሣው ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። መቀመጫችን የሦስታችንም ኢኮኖሚ ነው።

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት ረጅም መንገድ መራመድ አትችልም፤ ደረጃ መውጣትና መውረድማ ጭራሽ አይሆንላትም። የያዘችው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው፤ አሜሪካ የገባችው በጎብኚ ቪዛ ሲሆን አምስት ወር ከእኛ ጋር ቆይታ መመለሷ ነው። እኔና ልጄ የአሜሪካ ፓስፖርት አለን፤ እኔ ደግሞ የሼባማይልስ፣ ማለትም የኢትዮጵያ አየር መንገድ የደንበኞች መርሐ ግብር፣ ጎልድ አባል ነኝ። አንድ ወዳጄ «ካርድሽን አሳይተሽ ሦስታችሁም ላውንጅ ትገባላችሁ፤ ምን ያስጨንቅሻል?» ብሎኛል። ሌላው ግን እናቴ ያለ ትራንዚት ቪዛ ከዴንቨርም እንደማትነሣ ነግሮኛል። ሁለቱም በእርግጠኝነት ስለሚናገሩ የትኛውን እንደማምን ግራ ገብቶኛል። በዚህ መንገድ የተመላለሳችሁ ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ራይን ማዶ፦

እህቴ፣ የምኖረው ከፍራንክፈርት ብዙም ሳይርቅ ስለሆነ ወላጆቼን በዚያው አየር ማረፊያ ደጋግሜ ተቀብያለሁ፣ ሸኝቻለሁም። የላውንጁን ነገር ለጊዜው እናቆየውና ከፓስፖርቱ እንጀምር፤ እናትዎ በጣቢያው ውስጥ የት ድረስ መሄድ እንደሚችሉ የሚወስነው እሱ ነውና።

በአውሮፓ ኅብረት የቪዛ ሕግ መሠረት ዜጎቻቸው በሼንገን አገሮች (በመካከላቸው የፓስፖርት ቁጥጥር በሌላቸው የአውሮፓ አገሮች) አየር ማረፊያ ለማለፍ ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ እንዲይዙ የሚጠየቁ 12 አገሮች አሉ፤ ኢትዮጵያ ከእነዚህ አንዷ ናት። የሁለተኛው ወዳጅዎ ስጋት ከዚህ የመነጨ ነው። ነገር ግን ያው ሕግ ከዚህ ግዴታ ነጻ የሚያደርጋቸው ሰዎችም አሉ። ጊዜው ያላለፈበት የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የጃፓን ቪዛ የያዘ መንገደኛ፣ እንዲሁም በዚያ ቪዛ ገብቶ ከቆየበት አገር የሚመለስ መንገደኛ የትራንዚት ቪዛ አያስፈልገውም። እናትዎ የሚመለሱት የአሜሪካ ቪዛቸውን ተጠቅመው ስለሆነ በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። ቪዛው የተለጠፈበት ፓስፖርት ግን ከእጃቸው እንዳይለይ ያድርጉ። የዴንቨር መግቢያ ሠራተኛ ሁሉ ይህን ነጥብ በቃሉ ያውቀዋል ብለው አይመኑ፤ ከጉዞው ጥቂት ቀናት አስቀድመው ለአየር መንገዱ ደውለው ያረጋግጡ፣ ያረጋገጡትም በመዝገባችሁ ላይ እንዲሰፍር ይጠይቁ።

ነጻነቱ የሚሠራው ግን በዓለም አቀፉ የትራንዚት ክልል ውስጥ እስካሉ ድረስ ብቻ ነው። የስታር አሊያንስ አየር መንገዶች የሚስተናገዱበት ተርሚናል 1 ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዜድ በሚባሉ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። ኤ እና ዜድ በአንድ ሕንጻ ላይ የተደራረቡ ናቸው፦ የታችኛው ኤ ለሼንገን በረራዎች፣ የላይኛው ዜድ ከሼንገን ውጭ ለሚሄዱ በረራዎች ያገለግላል። ሁለቱን የሚለየው የፓስፖርት ቁጥጥር ነው። እርስዎና ልጅዎ በአሜሪካ ፓስፖርት ቁጥጥሩን አልፋችሁ ኤ ክፍል ልትገቡ፣ ብትፈልጉም በባቡር ሩብ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ከተማው መሀል ልትደርሱ ትችላላችሁ፤ እናትዎ ግን አይችሉም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የምትውሉት በዜድና በቢ ዓለም አቀፍ ክፍል ነው ብላችሁ አስቡ፤ ላውንጅም ስትፈልጉ በዚያ ወገን ያለውን ብቻ ፈልጉ።

ጓዘ ብዙ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ከዴንቨር ዋሽንግተን ዱልስ ሄዶ ከዚያ በኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀጥታ አዲስ አበባ መግባት እያለ ይህ ሁሉ የቪዛ ሕግ ለምን ያስፈልጋል? በዱልስ በኩል ቢሆን የሼንገን ነገር ከነጭራሹ አይነሣም ነበር።

የአውሮራዋ፦

ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ስትመጣ ያመጣናት በዱልስ በኩል ነበር፤ ከረጅሙ በረራ በኋላ እግሯ አብጦ ለቀናት አላስኬዳትም። ሐኪሟ መንገዱ ለሁለት ቢከፈል እንደሚሻል ስለነገረን ነው አውቀን በፍራንክፈርት ያደረግነው። ስለዚህ ረጅሙ ቆይታ ለእኛ ችግር ብቻ አይደለም፤ የምትጋደምበት ቦታ ከተገኘ ጥቅምም አለው።

የወርቅ ካርድ፦

እንግዲህ ወደ ላውንጁ። የመጀመሪያው ወዳጅዎ የተናገሩት ከፊሉ ብቻ ትክክል ነው። የሼባማይልስ ጎልድ ካርድ የስታር አሊያንስ ጎልድ ደረጃ ስለሚያሰጥ፣ መቀመጫዎ ኢኮኖሚ ቢሆንም በዕለቱ በአባል አየር መንገድ የሚነሣ በረራ ቦርዲንግ ፓስ እስከያዙ ድረስ በፍራንክፈርት ላውንጅ መግባት ይችላሉ። በዚያ ያሉት የሉፍታንዛ ላውንጆች በደረጃ የተለያዩ ናቸው፤ በቢዝነስ ክላስ ትኬት የሚገባ ሰው ወደ ቢዝነስ ላውንጅ ሲመራ፣ የስታር ጎልድ ካርድ የያዘ ግን ሴናተር ወደሚባለው ይገባል። ብዙ ወገኖቻችን ይህን ሳያውቁ፣ ካርዱ እያላቸው ቢዝነስ ላውንጅ ገብተው ይቀመጣሉ። ክልክል አይደለም፤ ግን የተሻለው ቀርቶባቸዋል።

ችግሩ ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። ደንቡ ለጎልድ አባል የሚፈቅደው አንድ እንግዳ ብቻ ነው፤ እንግዳውም ራሱ በዚያው ቀን በአባል አየር መንገድ የሚበር መሆን አለበት። የ9 ዓመት ልጅዎም እንደ አንድ እንግዳ ይቆጠራል። በሩ ላይ ያለው ሠራተኛ በጎ ፈቃድ ሊያሳያችሁ ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን የ74 ዓመት እናትን ይዞ በበጎ ፈቃድ ላይ መታመን አይገባም። ከእናትዎና ከልጅዎ አንዱን መምረጥ ግድ ሊሆንብዎት ነው ማለት ነው።

ፕሪዮሪቲ ፓስ (በየአየር ማረፊያው ላውንጅ የሚያስገባ አባልነት) የሚሰጥ የክሬዲት ካርድ ካለዎት እንደ ሁለተኛ አማራጭ ሊይዙት ይችላሉ። ሆኖም ሁለት ነገር ያጣሩ፦ ላውንጁ ከፓስፖርት ቁጥጥሩ በየትኛው ወገን እንዳለና ስንት ሰዓት እንደሚያስቀምጥ። አብዛኞቹ ከ3 ሰዓት በላይ አያቆዩም፤ ሲሞሉም የካርዱን እንግዶች ይመልሳሉ።

ራይን ማዶ፦

የወርቅ ካርድ የጻፉት ትክክል ነው፤ እኔ ግን ሌላ ሐሳብ ልጨምር። ላውንጅ የተሠራው ለመቀመጥ እንጂ ለመተኛት አይደለም። ወንበሩ ምቹ ነው፣ ምግብና ሻወር አለ፤ ሰውም ይበዛበታል። ያበጠ እግር የሚፈልገው ደግሞ ከፍ ተደርጎ መዘርጋትን ነው። በተርሚናል 1 ዜድ ክፍል ውስጥ ማይ ክላውድ የሚባል የትራንዚት ሆቴል አለ። ያለው በትራንዚት ክልሉ ውስጥ ስለሆነ እናትዎ የሼንገን ቪዛ ሳያስፈልጋቸው ይገባሉ፤ ክፍሉንም ለአንድ ሙሉ ሌሊት ሳይሆን በሰዓታት ቆጥሮ ማከራየቱ ለእንደ እናንተ ያለ የቀን ቆይታ ያመቻል። ክፍሎቹ ጥቂት በመሆናቸው ከአሁኑ ማስያዝ ይሻላል። ከቀትር እስከ አመሻሽ እናትዎና ልጅዎ እዚያ ቢያርፉ፣ ላውንጁን ለእራት ጊዜ ብታቆዩትና በተራ ብትገቡ፣ የአንዱ እንግዳ ደንብም ያን ያህል አያስጨንቅም።

ገንዘብ ማውጣት የማይፈልግ ሰው በዜድና በቢ ክፍሎች ውስጥ የሚያንጋልሉ ወንበሮች ያሉባቸው ነጻ ማረፊያዎች ያገኛል። ለወጣት ይበቃሉ።

ዋልያ 12፦

ትኬታችሁ በአንድ ላይ መቆረጡን በደንብ አረጋግጡ እላለሁ፤ በእኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። የዛሬ ጥቂት ዓመት ታላቅ እህቴን በአንድ የአውሮፓ ከተማ በኩል ወደ አገር ቤት ልሸኝ ስል፣ ዋጋው በ200 ዶላር ስለቀነሰልኝ ሁለት የተለያዩ ትኬቶች ገዛሁላት። እሷም እንደ እናትዎ የአሜሪካ ቪዛ ስለነበራት ትራንዚት ቪዛ አያስፈልጋትም ብዬ ነበር፤ በዚህስ አልተሳሳትኩም። የተሳሳትኩት በሻንጣው ነው። የመጀመሪያው አየር መንገድ ሻንጣዋን የላከው እስከ መካከለኛው ጣቢያ ብቻ ነበር፤ ሻንጣ የሚወጣበት ቦታ ደግሞ ከፓስፖርት ቁጥጥሩ ማዶ ነው። ወደዚያ ለመሻገር ሙሉ የሼንገን ቪዛ ያስፈልጋል፤ እሷ የላትም። ሻንጣዋን በመስታወት አሻግራ እንኳ ልታየው ሳትችል ሁለተኛው በረራ አመለጣት፤ የሁለተኛው ትኬት አየር መንገድም «ከመጀመሪያው ጋር ውል የለንም» ብሎ አዲስ ትኬት አስገዛን። 200 ዶላሩን ለማትረፍ ከ900 በላይ ከፈልኩ። ዴንቨር ላይ ሻንጣ ስታስረክቡ በሚለጠፈው ወረቀት ላይ የመጨረሻው መድረሻ የአዲስ አበባ ምልክት፣ ኤ ዲ ዲ፣ መሆኑን በዓይናችሁ ሳታዩ ከመስኮቱ አትራቁ።

የጋሪ ባልደረባ፦

በአንድ አየር ማረፊያ መንገደኞችን በዊልቸር በሚያግዝ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። አብዛኛው የአገራችን ሰው ሲመዘግብ «ዊልቸር» ብቻ ብሎ ያበቃል፤ በሲስተሙ ላይ ግን ሦስት ዓይነት ጥያቄ አለ። በኮዱ መጨረሻ ላይ «አር» ያለበት ረጅም መንገድ መራመድ ለማይችል ነገር ግን ደረጃ ለሚወጣ ሰው ነው። «ኤስ» ያለበት ደረጃ ለማይችል፣ «ሲ» ያለበት ደግሞ እስከ መቀመጫው ድረስ ለሚወሰድ ሰው ነው። ለእናትዎ ትክክለኛው «ኤስ» ይመስለኛል። ልዩነቱ የሚታየው አውሮፕላኑ ከሕንጻው ርቆ ሜዳ ላይ ሲቆም ነው፤ በ«አር» የተመዘገቡ አሮጊት በአውቶቡስ ተወስደው ከደረጃው ሥር ይቆማሉ፣ በ«ኤስ» ለተመዘገቡት ግን ከፍ የሚል መኪና ይመጣላቸዋል።

በአውሮፓ ኅብረት በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ መሠረት ይህ እገዛ ያለ ክፍያ ነው፤ ጥያቄው ግን ከበረራው ቢያንስ 48 ሰዓት በፊት ለአየር መንገዱ መድረስ አለበት። ሁለቱ በረራዎች በተለያዩ አየር መንገዶች ስለሆኑ ለሁለቱም ይደውሉ፤ አንደኛው ያየውን ሌላው ላያየው ይችላል። ፍራንክፈርት ስትደርሱ ሌሎች መንገደኞች እስኪወርዱ ከመቀመጫችሁ አትነሡ። ሌላም አለ፦ የእገዛ ሠራተኞች መንገደኞችን በራሳቸው መጠበቂያ ቦታ ሰብስበው ማቆየት ይቀናቸዋል። ሆቴል ወይም ላውንጅ እንዳላችሁ ወዲያው ተናግራችሁ ወደዚያ እንዲያደርሷችሁ፣ ከበረራው በፊትም በስንት ሰዓት መጥተው እንደሚወስዷችሁ ተስማሙ፤ የሠራተኛውንም ስልክ ሳይሆን የክፍሉን ስልክ ያዙ፤ ፈረቃ ይቀየራል።

ጓዘ ብዙ፦

በረራው ቢዘገይ ግን በአውሮፓ ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው 600 ዩሮ ይከፈላል፤ ስለዚህ መዘግየቱን አትፍሩት።

የወርቅ ካርድ፦

ወንድሜ፣ ይህ በየቦታው የሚነገር ቢሆንም ለእነሱ ጉዞ አይሠራም። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው የኅብረቱ የመንገደኞች መብት ደንብ የሚጠብቀው ከኅብረቱ አየር ማረፊያ የሚነሣን ጉዞ፣ እንዲሁም በኅብረቱ አየር መንገድ ወደ ኅብረቱ የሚገባን ጉዞ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2022 እ.ኤ.አ. ከሞልዶቫ በቪየና አድርጎ ወደ ባንኮክ በሚሄድ መንገደኛ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ በአንድ ትኬት ከኅብረቱ ውጭ ተነሥቶ ከኅብረቱ ውጭ የሚያበቃ ጉዞ፣ በመካከል የኅብረቱን አየር ማረፊያ ቢረግጥም፣ በደንቡ እንደማይሸፈን ወስኗል። ዴንቨር፣ ፍራንክፈርት፣ አዲስ አበባ ያው ነው። ትኬቱ በአንድ መሆኑ የሚጠቅማቸው ለ600 ዩሮው ሳይሆን፣ ግንኙነቱ ቢቋረጥ አየር መንገዱ ራሱ በሌላ በረራ የማድረስ ግዴታ ስለሚኖርበት ነው።

ራይን ማዶ፦

ስለ መዘግየት ከተነሣ አንድ የፍራንክፈርት ነገር አለ። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ አየር ማረፊያ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት መደበኛ በረራ መነሣትም ማረፍም ተከልክሏል፤ በአካባቢው የሚኖረው ሕዝብ በድምፁ እንቅልፍ አጥቶ ለዓመታት ተሟግቶ ያገኘው መብት ነው። የእናንተ በረራ ከምሽቱ 4 ሰዓት ስለሆነ ከክልከላው በፊት ያለው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። የዘገየ አውሮፕላን በልዩ ፈቃድ እስከ እኩለ ሌሊት ሊነሣ ይችላል፤ ፈቃዱ ግን ሁልጊዜ አይገኝም። ካልተነሣ ሌሎች መንገደኞች ከተማ ሆቴል ሲላኩ እናትዎ ቪዛ ስለሌላቸው በትራንዚት ክልሉ ሊያድሩ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ የሚሆን ነገር አይደለም። ቢሆንም የሁለት ቀን መድኃኒታቸውን፣ ነጠላቸውንና አንድ ቅያሪ ልብስ በእጅ ሻንጣ ይያዙ፤ ወደ ትልቁ ሻንጣ አያስገቡት።

ከሪያድ፦

በርዕሱ ላይ ነኝ ብዬ ልጠይቅ፦ እኔ የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የሳዑዲ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) አለኝ። ኢቃማው እንደ አሜሪካው ግሪን ካርድ ከትራንዚት ቪዛ ነጻ ያደርጋል?

ራይን ማዶ፦

አያደርግም ወንድሜ። ግሪን ካርድ የያዘ ኢትዮጵያዊ ነጻ ነው፤ የባሕረ ሰላጤ አገሮች የመኖሪያ ፈቃድ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ከሌለዎት የትራንዚት ቪዛ ያመልክቱ፣ አለዚያም በሼንገን አገር የማያልፍ መንገድ ይምረጡ።

የአውሮራዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሁለቱም አየር መንገዶች ደውዬ እናቴን በ«ኤስ» አስመዝግቤአለሁ፤ አንደኛው እንደተባለው ከዚህ በፊት «አር» ብሎ ነበር የያዛት። ስለ ቪዛዋም የአሜሪካውን ቪዛ ገጽ አይተው ትራንዚት ቪዛ እንደማያስፈልጋት ነግረውኛል፤ በመዝገቡም ላይ ጽፈውልኛል። በትራንዚት ሆቴሉ ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት አንድ ክፍል ይዣለሁ።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። የምንጓዘው በፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለሆነ እናቴ የፍስክ አትነካም፤ በላውንጁ የሚበላ ታገኛለች? ሁለተኛው ስለ መልሱ ነው። እኔና ልጄ በዚያው መንገድ ስንመለስ በርበሬ፣ ሽሮና ማር በእጅ ሻንጣ ማሳለፍ እንችላለን?

የወርቅ ካርድ፦

በላውንጁ ዳቦ፣ ሰላጣና ፍራፍሬ አይጠፋም፤ ሾርባውን ግን ሳይጠይቁ አይቅዱ፣ አብዛኛው ቅቤ ወይም ክሬም አለበት። ለአውሮፕላኑ ከ24 ሰዓት በፊት ቪጋን ምግብ ያዝዙላቸው፤ «ቬጀቴሪያን» ብቻ ካሉ ዕርጎና አይብ ያለበት ሊመጣ ይችላል።

ዋልያ 12፦

ማሩ በፍተሻ ሕግ ፈሳሽ ነው፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በእጅ ሻንጣ ከያዛችሁ ፍራንክፈርት ላይ በትራንዚት ፍተሻ ሊወስዱባችሁ ይችላሉ። ንጥር ቅቤም እንደዚያው ነው። በርበሬና ሽሮ ደግሞ ዱቄት ናቸው፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ወደ አሜሪካ በሚገቡ በረራዎች ከ350 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከተገኘ ተጨማሪ ምርመራ ይደረግበታል፤ ምንነቱ ካልታወቀም አያልፍም። በርበሬ ለማያውቅ ጀርመናዊ ፈታሽ ከረጢቱን ከፍቶ ማሽተት እንዴት እንደሚሆንበት አስቡት። ሁሉንም ወደሚጫነው ሻንጣ አስገቡ፤ አሜሪካ ስትደርሱም ለጉምሩክ ምግብ መያዛችሁን ሳትሸሽጉ ተናገሩ።

የጋሪ ባልደረባ፦

አንድ ልጨምር። የትኬቱን ሰዓት ለእናትዎ በአበሻ ሰዓት ጽፈው ይስጧቸው። አንድ ጊዜ አንድ አባት «07:30» የሚለውን ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ብለው አንብበው፣ ጠዋቱን ሙሉ ከበሩ ርቀው ቡናቸውን ሲጠጡ አውሮፕላኑ ሄዶባቸዋል። ስልካቸውም በአዲስ አበባ ሰዓት ላይ ከሆነ በፍልሰታ ወቅት ከፍራንክፈርት አንድ ሰዓት ይቀድማል።

ራይን ማዶ፦

የቀረው የበሩ ጉዳይ ነው። የአዲስ አበባው በረራ ከዜድ ሳይሆን ከቢ ክፍል የሚነሣ ከሆነ፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ከመሬት በታች ያለ ረጅም ዋሻ ነው፤ ተንቀሳቃሽ መሄጃ ቢኖረውም በዊልቸር እንኳ ጊዜ ይወስዳል። የበሩ ቁጥር በቦርዲንግ ፓሱ ላይ ቢጻፍም ከሰዓት በኋላ ሊቀየር ስለሚችል፣ ከሆቴሉ ስትወጡ በመጀመሪያ የግድግዳውን ሰሌዳ እዩ። የእገዛ ሠራተኞቹን ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቅጠሯቸው።

የአውሮራዋ፦

ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል፣ የላውንጁ በር ላይ። ለእናቴ በትልልቁ ጽፌ በፓስፖርቷ ውስጥ አስቀምጬላታለሁ።